ባለ አንድ ጭረቱ ቾክ፦ ለነጠላ አረር ቾክ የመምረጥ የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት አንድ አዳኝ ወዳጄ በሾትጋኑ ስለግ የሚባለውን ነጠላ አረር ለመተኮስ ተስማሚ ቾክ (በቧንቧው ጫፍ ላይ የሚታሰር ማጥበቢያ) ሲፈልግ የገጠመውን፣ እኔም አጠገቡ ሆኜ የለካሁትንና በማስታወሻ ደብተር የያዝሁትን የሚተርክ ነው። ለመጻፍ ያነሣሣኝ የወዳጄ ግምት መሳሳቱ ሳይሆን፣ የተሳሳተው ግምት በኢላማው ወረቀት ላይ ትክክል መስሎ መታየቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሽፎበት ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይነቃበት ነበር፤ ስለተሳካለት ግን ጨርሶ ወደማይገባው ቾክ ሊሸጋገር ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ጠመንጃው ባለ 12 ጌጅ፣ እጀታው ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተሳበ የሚያጎርስ፣ ቧንቧው 71 ሴንቲ ሜትር የሚረዝምና ውስጡ ልሙጥ የሆነ ተራ የአደን ሾትጋን ነው። ማነጣጠሪያው በአፈሙዙ ጫፍ ላይ የተተከለች አንዲት የነሐስ ፍሬ ብቻ ነበረች። ከጠመንጃው ጋር በብሎን ጥርስ የሚታሰሩ ሦስት ቾኮች አብረው መጥተዋል። ወዳጄ ለዓመታት በዚህ ጠመንጃ ወፍ ብቻ ሲያድንበት የኖረ በመሆኑ ከፍንጣሪ አረር (በአንድ ጥይት ውስጥ ከታጨቁ ትናንሽ ቅንጣቶች) በቀር ሌላ ነገር ተኩሶበት አያውቅም። በዚያ ወቅት ግን ትልቅ እንስሳ ለማደን ፈቃድ ያወጣበት ክልል በነጠላ አረር ብቻ እንዲታደን የሚያዝ ስለነበር፣ ወቅቱ ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጠመንጃውን ለአዲሱ ሥራ ማዘጋጀት ጀመረ።

ከወፍ አደን የመጣው ግምት

ቾክ ማለት በቧንቧው ጫፍ ላይ ያለ ጥበት ነው። የ12 ጌጅ ቧንቧ የውስጥ ስፋት በስያሜ ደረጃ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁጥሩም የመጣው አንድ ፓውንድ እርሳስ በ12 እኩል ድቡልቡሎች ቢከፈል አንዱ ድቡልቡል ከሚኖረው ስፋት ነው። ፍንጣሪ አረር ሲተኮስ ጥበቱ የቅንጣቶቹን ክምችት ጨምቆ ስለሚያወጣው፣ ቾኩ በጠበበ መጠን ቅንጣቶቹ ብዙ ሳይበተኑ ሩቅ ይደርሳሉ። ምንም ጥበት የሌለው ሲሊንደር ይባላል፤ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል የሚጠበው ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሚጠበው ሞዲፋይድ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የሚጠበው ደግሞ ፉል ነው። ወፍ አዳኝ ይህን እንደ ስሙ ያውቀዋል፤ ወዳጄም ያውቀዋል።

ስለዚህ ነጠላ አረር ተኩሶ ጥይቶቹ በኢላማው ላይ ተራርቀው ሲያርፉበት፣ «ቾኬ ሰፍቶብኛል፤ ጠበብ ያለ ያስፈልገኛል» ብሎ መደምደሙ የሚያስደንቅ አይደለም። ዳሩ ግን ነጠላ አረር ተጨምቆ የሚሰበሰብ ክምችት የለውም። አንድ ወጥ የእርሳስ ቁራጭ ነው፤ በኢላማው ላይ የሚታየው መራራቅ የአንዱ ተኩስ ስርጭት ሳይሆን፣ አምስት ለየብቻ የተተኮሱ ጥይቶች አንዱ የሌላውን መንገድ ያለመድገማቸው ውጤት ነው። በፍንጣሪ ጊዜ ጥበቱ ሥራ ይሠራል፤ በነጠላ አረር ጊዜ ግን ጥበቱ አረሩን ቢበዛ መሐል አስይዞ ይሸኘዋል፣ ከበዛበት ደግሞ ያጣምመዋል። ይህን ልዩነት ወዳጄ በቃል ቢነገረው ይቀበለው ነበር፤ የሚያሳዝነው ግን ኢላማው ሌላ ነገር ነገረው።

የመጀመሪያው ቀን

የመጀመሪያውን ቀን ተኩስ ያደረገው ብቻውን ነው፤ እኔ ያየሁት ወረቀቶቹን ነው። በመጀመሪያ የተኮሰው በፕላስቲክ ቅርፊት የታቀፈውን፣ ሳቦት የሚባለውን የነጠላ አረር ዓይነት ነበር። የመረጠውም በሳጥኑ ላይ ከሁሉም የረቀቀ ሆኖ ስለተጻፈለት ነው። ከ50 ሜትር ከተተኮሱት አምስት ጥይቶች ሁለቱ ወረቀቱን ጨርሶ አልነኩትም፤ ካረፉት ሦስቱ ውስጥ ሁለቱ ክብ ቀዳዳ ሳይሆን እንደ ቁልፍ ማስገቢያ የተንጋደደ ሞላላ ስንጥቅ ነበር የተዉት። ሞላላ ስንጥቅ ከታየ አረሩ በአፍንጫው ሳይሆን በጎኑ እየተገለባበጠ ደርሷል ማለት ነው።

ምክንያቱ ቾክ አይደለም። ሳቦት የተሠራው ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ለተቀረጸበት ቧንቧ ነው። የፕላስቲኩ ቅርፊት ቦዮቹን ነክሶ ይሽከረከራል፣ አረሩንም ያሽከረክራል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ ቅርፊቱ ይከፈትና ይወድቃል፣ አረሩም በሽክርክሪቱ ቀጥ ብሎ ይጓዛል። በልሙጥ ቧንቧ ውስጥ የሚነከስ ቦይ ስለሌለ ሽክርክሪት የለም፤ ሽክርክሪት ከሌለ ደግሞ ይህ ዓይነቱ አረር ቀጥ ብሎ እንዲበር የሚያደርገው ሌላ ነገር የለውም። ስለዚህ የሳቦቱ ሳጥን በዚያው ተዘግቶ ተቀመጠ፤ ወዳጄም ይህን ያህሉን ራሱ ደርሶበት ነበር።

ቀጥሎ ለልሙጥ ቧንቧ ወደተሠራው ነጠላ አረር ተሸጋገረ። የዚህ ዓይነት አረር ዋና ዋና ዝርያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጀርመናዊው ቪልሄልም ብሬኔከ እ.ኤ.አ. በ1898 የሠራው ሲሆን፣ ድፍን እርሳስ ሆኖ ከኋላው ቀላል መወተፊያ ተያይዞለት እስከ ኢላማው አብሮት የሚበር ነው። ሁለተኛው አሜሪካዊው ካርል ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1931 የሠራው ነው፤ አፍንጫው ወፍራም፣ ኋላው እንደ ስኒ ጎድጎድ ያለ ነው። ሁለቱም ክብደታቸው ወደ ፊት ያደላ በመሆኑ ያለ ሽክርክሪት ቀጥ ብለው ይበራሉ፤ በጨርቅ ጫፍ ላይ የታሰረ ድንጋይ ሲወረወር ድንጋዩ ፊት ፊት፣ ጨርቁ ኋላ ኋላ እንደሚሄደው ነው። በጎናቸው ላይ ያሉት ሰያፍ ሸንተረሮች ብዙ ሰው እንደሚያስበው አረሩን በቁም ነገር የሚያሽከረክሩ አይደሉም። ዋናው ጥቅማቸው አረሩ በቾክ ውስጥ ሲያልፍ የሚጨመቀው እርሳስ የሚገባበት ክፍተት ማግኘቱ ነው።

ወዳጄ በእጁ የነበረው የፎስተር ዓይነት፣ 28 ግራም የሚመዝነው ነው። በጠመንጃው ላይ ታስሮ በነበረው ባለ አንድ ጭረት ቾክ አምስት ጥይት ተኩሶ፣ በጣም የተራራቁት የሁለቱ ቀዳዳዎች ልዩነት 31 ሴንቲ ሜትር ሆነበት። ያን ቾክ ፈትቶ ባለ ሦስት ጭረቱን አሰረና አምስት ደገመ፤ ልዩነቱ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ወረደ። ማታ ደውሎ የነገረኝን አልረሳውም፦ «አየህ፣ ጠበብ ሳደርገው ተሰበሰበ። ከዚህ የባሰ ጠባብ ልፈልግለት ነው።» ሊፈልግ ያሰበውም ለሩቅ ወፍ አደን የሚሠራውን፣ ከፉልም የሚጠበውን ቾክ ነበር።

ጭረቱ ሲነበብ

በማግስቱ ቾኮቹን ይዞ መጣ። ጭረት የምለው በቾኩ ከንፈር ላይ የሚቀረጹትን ትናንሽ ምልክቶች ነው፤ እዚያ የሚቀረጹትም ቾኩ ሳይፈታ ከፊት ተመልክቶ ለመለየት እንዲቻል ነው። ወዳጄ ጭረት በበዛ ቁጥር ጥበቱ ይበዛል ብሎ ነበር የያዘው። በብዙ ሠሪዎች ዘንድ ያለው ልማድ ግን ተቃራኒው ነው፤ አንድ ጭረት ፉል ነው፣ ሦስት ጭረት ሞዲፋይድ ነው፣ አራት ጭረት ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ነው። ይህን ስነግረው ቾኩን ወደ መብራት አንሥቶ ደጋግሞ አየውና «አንድ ከሦስት አያንስም እንዴ?» አለ። «እንደ ትምህርት ቤት ደረጃ ቁጠረው፤ አንደኛ የወጣው ጥብቁ ነው» አልሁት።

የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ወዳጄ ከአንድ ጭረት ወደ ሦስት ጭረት ሲሄድ ያጠበበ መስሎት ያሰፋው ነበር። ያየው መሻሻል እውነተኛ ነው፤ የሰጠው ምክንያት ግን የተገላቢጦሽ ነው። ያንኑ ምክንያት ተከትሎ ቢቀጥል የሚቀጥለው እርምጃው ከፉል የባሰ ጠባብ ቾክ ውስጥ ለስላሳ እርሳስ ማሳለፍ ይሆን ነበር። እንዲህ ያሉት ቾኮች ለነጠላ አረር አይሆኑም፤ ብዙ ሠሪዎችም ነጠላ አረር እንዳይተኮስባቸው በግልጽ ይከለክላሉ። አረሩ ቢያንስ ቾኩን ወይም ማሰሪያ ጥርሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ከዚያ የከፋም ሊደርስ ይችላል፣ በተለይ ቾኩ በደንብ ሳይታሰር ጠርዙ ወደ ቧንቧው ውስጥ ብቅ ካለና አረሩ ከነፍጥነቱ ካገኘው።

ልማድ ልማድ ነውና ጭረቱን ብቻ አምነን አልቀረንም። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዐይንም በጣትም አረጋግጠን፣ መጎረሻውን ክፍት አድርገን ቾኩን ፈታን፣ የእያንዳንዱን ቾክ የመውጫ ስፋት በካሊፐር (ጥቃቅን ስፋት በሚለካ መሣሪያ) ለካን። የቧንቧውን የውስጥ ስፋት ግን በተራ ካሊፐር መለካት አይቻልም፤ ከአፈሙዙ አጠገብ ቾኩ የሚቀመጥበት ሰፋ ያለ ክፍል ስላለ መለኪያው ከዚያ አልፎ መግባት አለበት። ይህን ለጠመንጃ ባለሙያ ሰጠነው። ቧንቧው 18.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ባለ አንድ ጭረቱ መውጫው 17.6፣ ባለ ሦስቱ 18.1፣ ባለ አራቱ 18.35 ሚሊ ሜትር ነበር። ስለዚህ ጥበታቸው በቅደም ተከተል አንድ፣ ግማሽና ሩብ ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ጠመንጃ ላይ ስያሜና ልኬት ተገናኝተዋል። ሁልጊዜ አይገናኙም። ቧንቧቸው ሆን ተብሎ እስከ 18.8 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ባለ 12 ጌጅ ጠመንጃዎች አሉ፤ ጥበት ማለት የቧንቧውና የቾኩ ስፋት ልዩነት እንጂ የቾኩ ስፋት ብቻ ስላልሆነ፣ የመውጫ ስፋቱ አንድ የሆነ ቾክ በአንዱ ቧንቧ ላይ መጠነኛ፣ በሌላው ላይ ጠባብ ሊሆን ይችላል።

ጥበት ነጠላ አረርን ለምን ያበላሻል

አረሩ ቾኩ ጋ ሲደርስ በሰከንድ 480 ሜትር ገደማ እየሄደ ነው። ጥቂት ሴንቲ ሜትር በሆነ ርዝመት ውስጥ ስፋቱ፣ በፉል ቾክ ከሆነ፣ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር እንዲጠብ ይገደዳል። የፎስተር አረር ኋላው ባዶና ስስ ስለሆነ ይህን መጨመቅ በእኩል አይቀበለውም፤ ቀሚሱ፣ ማለትም ስሱ የኋላ ጠርዙ፣ በአንድ በኩል ይበልጥ ይታጠፋል። ቾኩ ከቧንቧው ጋር በፍጹም አንድ መስመር ላይ ካልሆነ ደግሞ (የሚፈታ ቾክ ጥቂት መዛነፉ አዲስ ነገር አይደለም) አንደኛው ጎን ቀድሞ ይነካል፣ አረሩም ልክ ሊለቅ ሲል ወደ ጎን ይገፋል። ከዚያ በኋላ አየሩ የሚያርመው ነገር ጥቂት ነው።

ጥበት ጨርሶ አለመኖሩ በበኩሉ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። በርካታ ነጠላ አረሮች በየትኛውም ባለ 12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ እንዲያልፉ ተብለው ከቧንቧው ጥቂት ቀጠን ብለው ይሠራሉ፤ እንዲህ ያለው አረር በሰፊ ቧንቧ ውስጥ ሲጓዝ ትንሽ ሊንገዋለል ይችላል። ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ጥበት ሲገጥመው ሳይጎዳ መሐል ይይዝና ይወጣል። ለልሙጥ ቧንቧ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር እንደ መነሻ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። መነሻ ግን መነሻ ነው፤ የትኛው ቾክ የትኛውን አረር እንደሚወድ የሚናገረው ያ አንድ ጠመንጃ ራሱ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ፣ በአግባቡ

ሁለተኛውን ሙከራ አብረን አደረግን። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፈን፣ ከኋላው ከፍ ያለ የአፈር ክምር ባለው ኢላማ ላይ፣ በ50 ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ቾክ አምስት አምስት ጥይት። ሦስት ጥይት በአጋጣሚ ተጠጋግቶ ሊያርፍ ስለሚችል በሦስት አልረካንም፤ እውነቱን ለመናገር አምስትም ብዙ አይደለም፣ የትከሻ ጉዳይ ሆኖ ነው እንጂ። በተጨማሪ አንድ ሲሊንደር ቾክ ከሌላ አዳኝ ተውሰን አመጣን፤ ቾክ የሚታሰርበትን ጠመንጃ ያለ ቾክ መተኮስ የብሎን ጥርሱን ለእሳትና ለእርሳስ ማጋለጥ ስለሆነ ሲሊንደርን ባዶ አፈሙዝ በመተኮስ መተካት አይቻልም።

ከጠባቡ ወደ ሰፊው ነበር የሄድነው። ፉሉ 29፣ ሞዲፋይዱ 18፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደሩ 15፣ ሲሊንደሩ 19 ሴንቲ ሜትር ሰጡ። ወዳጄ ደብተሩን ዘግቶ ሊነሣ ሲል ሁለት ነገር አስቆመን።

የመጀመሪያው ትከሻው ነው። የነጠላ አረር እርግጫ ከወፍ ጥይት እርግጫ ጋር አይነጻጸርም፤ በተለይ ተቀምጦ ሲተኮስ ሰውነት ወደ ኋላ ስለማይሄድ ሰደፉ የሚመታው ትከሻውን ብቻ ነው። ሃያኛው ጥይት ላይ ሲደርስ ወዳጄ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዐይኑን ሲጨፍን ከጎኑ ሆኜ አይቼዋለሁ። ሲሊንደሩ መጨረሻ ስለተሞከረ 19ኙ ሴንቲ ሜትር የቾኩ ይሁን የድካሙ መለየት አይቻልም ነበር። ሙከራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄደ መጨረሻ የሚመጣው ቾክ ሁልጊዜ የደከመ ተኳሽ ይደርሰዋል።

ሁለተኛው የማነጣጠሪያዋ ፍሬ ናት። ስፋቷ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከተኳሹ ዐይን አንድ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አንድ ሜትር ላይ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ነገር 50 ሜትር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። እኛ በ15 እና በ18 ሴንቲ ሜትር መካከል ስንከራከር የኖርነው 20 ሴንቲ ሜትር በምትጋርድ ፍሬ እያነጣጠርን ነው ማለት ነው። ከዚህም በላይ ከኋላ ሌላ ማነጣጠሪያ ስለሌለ ጉንጩ በሰደፉ ላይ ጥቂት ከፍ ባለ ቁጥር ጥይቱም ከፍ ይላል። ለሚበር ወፍ ይህች ፍሬ ትበቃለች፤ ለነጠላ አረር ግን ተኳሹ በቾኩ የሚያመካኘው አብዛኛው ስሕተት የእሷ ነው ባይ ነኝ።

ስለዚህ ቾክ መምረጡን ለጊዜው አቆምንና በጠመንጃው ጀርባ ላይ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ አስገጠምን። ከአራት ቀን በኋላ፣ ትከሻው ካገገመ፣ ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ከሰፊው ወደ ጠባቡ ሄድን፤ በየአምስት ጥይቱ መካከልም ቧንቧው እስኪበርድ፣ ተኳሹም እስኪያርፍ ጠበቅን። ሲሊንደሩ 14 ሰጠ። ኢምፕሩቭድ ሲሊንደሩ 11 ሰጠ። ሞዲፋይዱ በመጀመሪያ 22 ሰጠ፤ ይህ ግን ካለፉት ሁለት ቀናት ሁሉ የባሰ ስለነበር አላመንነውም። ወዳጄ ቾኩን በጣቱ ሲነካው ተንቀሳቀሰ፤ በአምስቱ ጥይት ውስጥ ሩብ ዙር ያህል ላልቶ ነበር። ጥርሱን ጠርገን፣ ስስ ግሪስ ቀብተን፣ በቁልፉ አጥብቀን ደገምነው፤ 16 ሆነ። ፉሉን ሳንደግመው ተውነው፤ ውጤቱ ሁለት ጊዜ ታይቷል፣ ጥይትም ትከሻም ማባከን ነው።

የላላ ቾክ ነገር ትንሽ ቢመስልም በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን 31 ሴንቲ ሜትር ስንት ያህሉ ከፉሉ ጥበት፣ ስንት ያህሉ ከመላላት እንደመጣ አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ያን ቀን ማንም አልነካውምና። ከዚያ ወዲህ ወዳጄ በቾኩ ከንፈርና በአፈሙዙ ላይ የሚያያዝ አንድ ቀጭን ነጭ የቀለም መስመር አስምሮ፣ መስመሩ ሲሰበር መላላቱን በዐይኑ ያያል። መንካት ካስፈለገ ደግሞ መጀመሪያ ጥይቱ ይወጣል፣ መጎረሻው ይከፈታል፤ እጅን በተጫነ ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ማድረግ በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

ሌላው አረር፣ ሌላው ቾክ

ውሳኔው ያለቀ ሲመስል የብሬኔከ ዓይነት አንድ ሳጥን አገኘንና ያንኑ ሙከራ በሦስቱ ቾኮች አደረግንበት። ሲሊንደሩ 10፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደሩ 12፣ ሞዲፋይዱ 13 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በፎስተሩ ጊዜ አንደኛ የወጣው እዚህ ሁለተኛ ሆነ። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ሲሊንደሩ አሸነፈ ብዬ አልምልም፤ በአምስት ጥይት የሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት የዕድል ልዩነትም ሊሆን ይችላል። በእርግጠኝነት የምናገረው ይህ ድፍን አረር ከባዶ ኋላው አረር ይልቅ በዚህ ጠመንጃ ላይ የጥበትን ልዩነት የቻለ መሆኑን ነው።

ከመራራቁ ይልቅ ወዳጄን ያስደነቀው የጥይቶቹ ማረፊያ መቀየሩ ነበር። ማነጣጠሪያው ሳይነካ፣ ፎስተሩ በኢምፕሩቭድ ሲሊንደር መሐል ሲያርፍ፣ በሞዲፋይድ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ሄደ፤ ብሬኔከው ደግሞ በዚያው በኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 9 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ። ማነጣጠሪያ የሚስተካከለው ለጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ለጠመንጃው፣ ለቾኩና ለአረሩ በአንድነት ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከተለወጠ ሥራው እንደገና ይጀመራል። በአደን ዋዜማ ሳጥን ያለቀበትና ሌላ ዓይነት ያገኘ ሰው ይህን ይረሳና ከሁለት ሳምንት በኋላ «ጠመንጃዬ ተበላሸ» ይላል።

መሐል ላይ ጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸበት ቾክም ተነሥቶ ነበር፤ ሐሳቡ ከተዘጋው የሳቦት ሳጥን የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ቾክ በልሙጥ ቧንቧ ጫፍ ላይ ታስሮ ሳቦትን እንዲያሽከረክር ይሠራል። አንዳንዱ ጠመንጃ ላይ ያስደስታል፤ ነገር ግን ሙሉ ቧንቧ በርዝመቱ ሁሉ ቀስ በቀስ የሚሰጠውን ሽክርክሪት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ፣ በሙሉ ፍጥነት ለሚሮጥ አረር ለመስጠት ስለሚሞክር ውጤቱ ከጠመንጃ ጠመንጃ በጣም ይለያያል። ከዚህም ሌላ በዚያ ቾክ ፍንጣሪ ቢተኮስ ሽክርክሪቱ ቅንጣቶቹን ወደ ዳር ስለሚበትናቸው መሐሉ ባዶ ይቀራል፤ ወዳጄ ወፍ አዳኝ ነውና ቾክ መቀየር ረስቶ የሚወጣበት ቀን እንደማይጠፋ አስቦ ተወው። ሳቦቱን ጠመዝማዛ ቦይ ያለው ሙሉ ቧንቧ ላለው አዳኝ ሰጠ።

የተደረሰበት ውሳኔ

ወዳጄ የመረጠው ባለ አራት ጭረቱን ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ከፎስተር አረር ጋር ነው። ብሬኔከው ጥቂት ተሽሎ እያለ ይህን የመረጠው የፎስተሩ በርካታ ሳጥን በእጁ ስለነበርና ከአንድ ዓይነት ጥይት ጋር መክረም ስለፈለገ ነው፤ እኔም በምርጫው ተስማማሁ። ማነጣጠሪያውን በ50 ሜትር አስተካከልነው። ከዚያ ወዲያ አረሩ ፍጥነቱን ቶሎ ስለሚያጣ፣ ለ50 ሜትር የተስተካከለ ጠመንጃ 100 ሜትር ላይ 15 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ዝቅ ብሎ ይመታል፤ በ50 ሜትር 11 ሴንቲ ሜትር የነበረው መራራቅም እዚያ ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት ወዳጄ ለራሱ የ60 ሜትር ገደብ አበጀ። ገደቡ የመተኮሻ ርቀት ብቻ እንጂ የአረሩ መድረሻ አይደለም፤ የሳተ ነጠላ አረር ብዙ መቶ ሜትሮችን ተሻግሮ ሊጎዳ ስለሚችል ከእንስሳው ኋላ አፈር ካልታየ ተኩስ የለም።

ጠመንጃው ሌላ ቢሆን ኖሮ ከፊሉ እርምጃ ይለወጥ ነበር። ቾኩ ከቧንቧው ጋር አንድ ላይ የተሠራና ፉል የሆነ አሮጌ ጠመንጃ ቢሆን፣ ጥበቱ እስኪለካና ባለሙያ ለነጠላ አረር ይሆናል እስኪል ድረስ አንድም ጥይት ባልተኮስን ነበር። የብረት ዘንጎች ተጠምዝዘው በተሠሩ የጥንት ቧንቧዎች ደግሞ ሙከራውም አይታሰብም።

ወቅቱ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ወዳጄ ያንኑ ዓይነት አረር ከአዲስ ሳጥን አውጥቶ በዚያው ቾክ አምስት ተኮሰ። መራራቁ 12 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ማረፊያው ግን 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ሄዶ ነበር። በሳጥኖቹ ግርጌ የታተመውን የምርት ቁጥር ሲያስተያይ የተለያየ ሆኖ አገኘው። ማነጣጠሪያውን አስተካክሎ ሁለት ጥይት ጨመረና፣ የአሮጌውን ሳጥን ቀሪ ጥይቶች ለልምምድ ብሎ ለየብቻ አስቀመጣቸው።